የኤፍራታን ማን ከፈለው?

አዋሽ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ አትክልት፣

ሰመራ ሙቀቱ እንዴት አድርጎሻል? ደብዳቤሽን ረዲ ሚኒባሱን እንኳ ሳያቆም በመስኮት ወርውሮልኝ አለፈ። ሾፌር ሁሉ እንዲህ ሆኗል፤ ቆሞ ሰላም ማለት ቀርቷል።

ስለ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጠይቀሻል። እውነት ነው፣ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያ ቀን ወለሉ በእግሬ ሥር ሲርገበገብ የድሮው ባቡር የመጣ መስሎኝ ወደ ሐዲዱ ልወጣ ተነስቼ ነበር። የሳሎኑ ግድግዳ ከመስኮቱ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል። ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሹን አውጥቶ ሜዳ ላይ ያድራል። እኔ ግን ቤቴን ጥዬ አልወጣም። ሰው ሜዳ ላይ ሲተኛ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚገባ በምን ይታወቃል?

ለምን አይደውሉም ላልሽኝ፣ ስልክ ለኔ ጆሮ እንደማይሆን እያወቅሽ ትጠይቂኛለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ የባቡር ጎማ በመዶሻ እየመታሁ የተሰነጠቀውን ካልተሰነጠቀው በድምፁ ስለይ ኖሬ፣ ጆሮዬን እዚያው ሐዲዱ ላይ ጨርሼው መጣሁ። ልጄ የምትልክልኝ መልእክት ደግሞ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል እየጻፈችው ነው። አንድ ጊዜ ደህና ነኝ ያለችኝን ደከመኝ ብዬ አንብቤ ስንት ቀን እህል አልበላ ብሎኝ ሰነበተ። ስለዚህ በወረቀት ጻፉልኝ፣ ሁለታችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በደብዳቤሽ ግርጌ ላይ፣ ከሰላምታው በኋላ፣ “የኤፍራታ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ክፍያ አልቋል፣ አይጨነቁ” ብለሽ እንደ ቀላል ነገር አልፈሻል። እንዴት አለቀ? እኔ ገና ምንም አልላክሁም። ኮሌጁ ለነርስነት የመጨረሻ ዓመት ክፍያውን እንደጨመረ አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ። ለትምህርቱ ይጠይቃሉ፣ ለሆስፒታል ልምምዱ ይጠይቃሉ፣ አንገቷ ላይ ለምታንጠለጥለው መታወቂያ ሳይቀር ይጠይቃሉ። ያን ሁሉ ባንቺ የቢሮ ደመወዝ አትችዪውም፤ ደመወዝሽን አውቀዋለሁ። እነዚያ ሰዎች ደግሞ በነፃ የሚያስተምሩ አይመስሉኝም።

እምነት በሕይወት ብትኖር ኖሮ ይህን ሁሉ እሷ ነበረች የምታውቅበት። ከሞተች ወዲህ የቤቱን ነገር የሚነግረኝ የለም። ዘመዷ ፍቅረማርያም፣ ያ ወፍጮ ቤት ያለው፣ “የቤቱን ካርታ አስይዝና የምትፈልገውን ያህል ውሰድ፣ ወለዱን ቀስ ብለህ ትከፍላለህ” እያለ ይመላለሳል። ሲመጣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አያየውም፤ ግቢውን ነው በዓይኑ የሚለካው። አልፈረምኩም። ልጄን ያለ ዕዳ አስተምሬ እንድትመረቅልኝ ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምኞት የለኝም። ግን ማን እንደከፈለ ሳላውቅ ዕዳ የለብኝም ማለት አልችልም።

ማን ከፈለ? በቀጥታ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ አስፋው


ሰመራ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ጥምቀትን በሰላም ዋሉ? እኛ እዚህ ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ፀሐዩ ራስ የሚበሳ ሆኖብን አንድ ባጃጅ ውስጥ አምስት ሆነን ገባን፤ ኤፍራታ ጭኔ ላይ ተቀምጣ እስከ ቤት ሳቀች። ደህና ናት። ወፍራለች ብል አያምኑኝም እንጂ ወፍራለች። ነጭ ጋውን ለብሳ ሆስፒታል ስትወጣ ቢያዩዋት በኩራት ደረትዎን ይነፉ ነበር።

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሪፖርት የሚደርስበት ሰሞን ነው፤ በዚያ ላይ ረዲ ሁለት ጊዜ ሳልሰማው አለፈ። እውነቱን ለመናገር ግን የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅኩ ነው።

ጋሼ፣ ክፍያው ተከፍሏል። አራጣ አልተበደርኩም። ከቢሮዬም ከማንም አልተበደርኩም። ልጅቷም ምንም ነውር አልሠራችም፤ ይህንን በእናታችን ነፍስ እምልልዎታለሁ። ከዚህ በላይ ግን አይጠይቁኝ። ለአንድ ሰው ቃል ገብቻለሁ። ኤፍራታም አታውቅም፤ እርስዎ የላኩት መስሏት እጅዎን በሌለበት ስትስም ነው የምትውለው።

ይህን ስጽፍ እንዴት እንደሚቆጡ ይታየኛል። እባክዎን በኔ ይሁንብዎት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይመረምሩ ይቀበሉኝ።

እኔም ደግሞ የምጠይቅዎ አለኝ። ቢሮዬ አብራኝ የምትሠራው ሂያም ለሥራ ወደ አዋሽ ወርዳ ስትመለስ ገዋኔ ላይ ከፍየል ጋር ሲጣሉ አየኋቸው አለችኝ። እርስዎ ነዎት ብዬ አላመንኩም። ገዋኔ ምን አለዎት? በዚህ ዕድሜዎ በዚያ የከባድ መኪና መንገድ ላይ ምን ይሠራሉ? እርስዎም የሚደብቁኝ ነገር ካለ እኩል ነን ማለት ነው።

ልብስዎን የሚያጥብልዎ ሰው አግኝተዋል? ግድግዳውስ? እባክዎን እንደ ሰው ውጭ ይደሩ።

እህትዎ አትክልት


አዋሽ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትክልት፣

ስለ ፍየሉ ልንገርሽ። ከፍየል ጋር አልተጣላሁም፤ ከባለ ፍየሉ ጋር ነው የተጣላሁት። ገዋኔ ገበያ ላይ ረከስ ሲል እየገዛሁ አዋሽ አምጥቼ ለሆቴል ቤቶች መሸጥ ጀምሬአለሁ። የኤፍራታን ከዚያ አወጣለሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አተረፉ። ከዚያ በኋላ ያመጣኋት አንዷ በመንገድ ሞተችብኝ፣ ሌሎቹ ግቢዬ ውስጥ ቆመው የቀረኝን አጥር ይበሉታል። በቃ ይኸው ነው የኔ ምስጢር። የኔን ነገርኩሽ።

አሁን ያንቺን እንይ። ለአንድ ሰው ቃል ገብቻለሁ ብለሻል። ለማን? ቃል የሚያስገባ ሰው የሚደበቅ ነገር ያለው ሰው ነው። ኤፍራታም አታውቅም አልሽ። ገንዘብ ከፍሎ ዛሬ ስሜን አትንገሩ የሚል ሰው ነገ መጥቶ ምን እንደሚጠይቅ አስበሽዋል?

ካልነገርሽኝ ሌላ ሰው ይነግረኛል። ረዲን ሻይ ጋብዤ ያዝኩት። መጀመሪያ አላየሁም አለ። በኋላ፣ ከገና በፊት ባንቺ በር ላይ አንድ ትልቅ የጅቡቲ መኪና ቆሞ አይቶ እንደነበረና ሾፌሩ ጥቁር ላስቲክ ይዞ ሲወርድ እንዳየው አመነልኝ። ማን እንደሆነ ስጠይቀው ሻዩን ሳይጨርስ ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዝኩት። አብዱልአዚዝ ነው አለኝ።

የጎረቤቴ የሁሪያ ልጅ! አጥራችን አንድ ነው። አባቱና እኔ በአንድ ባቡር አርጅተናል፤ እሱ ሲነዳ እኔ ጎማውን ስመታ። ልጁ በኔ ግቢ ነው ያደገው፣ ከኤፍራታ ጋር በአንድ ሰሃን ነው የበላው። እናቱ ደግሞ የእምነት የልብ ወዳጅ ነበረች፤ ሁለቱ ሲገናኙ እኔ አልሰማም ብለው ፊት ለፊቴ ያሙኝ ነበር። አሁን ግን ሁሪያ ሰላም ስላት ዓይኗን ወደ መሬት ትሰብራለች። ለካ ለዚህ ኖሯል።

ልጁ አላገባም። በመኪናው ከድንበሩ ከዲቾቶ እስከ ጅቡቲ እየተመላለሰ ገንዘብ ይዟል ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ለአንዲት ልጅ የኮሌጅ ክፍያ በጥቁር ላስቲክ የሚያመጣው ለምንድነው? ለጽድቅ ነው? ቢፈልጋት ሽማግሌ ልኮ ይጠይቀኝ ነበር። እሱ ግን የእስላም ልጅ፣ እሷ የክርስቲያን ልጅ በመሆናቸው እንደማልሰጠው ስላወቀ ነው ዞሮ ባለዕዳው ያደረገን። መጀመሪያ ይከፍላል፤ ከዚያ አፋችን ይዘጋል።

ለኤፍራታም ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። አንቺ ደግሞ በቶሎ መልሽልኝ። ዝም ካልሽ ራሴ እመጣለሁ፣ ወይም እዚሁ ቅርብ ያለችውን እናቱን አናግራለሁ።

አስፋው


ሰመራ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ለኤፍራታ የጻፉላትን አንብባ ሙሉ ቀን አለቀሰች። “የሚከፍልልሽ ወንድ ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ” ተብሎ ለልጅ ይጻፋል? ልጅቷ ሌሊት ሆስፒታል አድራ፣ ቀን ተምራ፣ ማታ እኔ ቤት ወጥ ትሠራለች። ለወንድ የሚሆን ጊዜ ቢኖራት እኔ ራሴ ደስ ባለኝ! አሁን “አባቴ ካልላከው ማን ነው የከፈለልኝ?” እያለች እኔን ትመረምረኛለች። እርስዎን እንዳትመስልብኝ ስፈራ እንዲህ ሆና ቁጭ አለች።

አዎ፣ አብዱልአዚዝ መጥቶ ነበር። አልክድም። ና ግባ ብለው መኪናው መንገድ ዘግቷል ብሎ በር ላይ ቆሞ ውሃ ጠጣ። ላስቲኩን ሰጠኝ። ኤፍራታ ቤት አልነበረችም፤ ቀኑንም እሷ የማትኖርበትን ነው የመረጠው። “እህቴን ሰላም በይልኝ” አለኝና ሄደ። በዚያ ልጅ ላይ የጻፉትን ሁሉ ሳነብ ስለ እርስዎ አፈርኩ። ቤቴ ድረስ መጥተው በሬን የሚያንኳኩትን የቢሮ ሰዎች ቢጠረጥሩ ይሻል ነበር።

ገንዘቡ ግን የእሱ አይደለም። የእናቱም አይደለም። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ቃሌን የሰጠሁት ለቀልድ አይደለም።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ሁሪያ ቤት አይሂዱ። እሷን አንድ ክፉ ቃል ከተናገሩ በኋላ መመለሻ ያጣሉ። ሁለተኛው፣ ፍቅረማርያም ጋ አይፈርሙ። ስንቱን ቤት እንዲህ አድርጎ እንደወሰደ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ልጅቷ ልትመረቅ ምን ቀራት? ክረምት ሲገባ እኮ ትጨርሳለች። ዝም ብለው ይቆዩ፣ ምንም አይሥሩ። ፍየሎቹን ይጠብቁ።

አትክልት


አዋሽ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትክልት፣

ሁለቱንም አድርጌዋለሁ።

ገንዘቡ የእሱ አይደለም፣ የእናቱም አይደለም ትዪኛለሽ፤ ታዲያ ከሰማይ ወረደ? ለኔ የሚነገረኝ ግማሽ ግማሹ ነው። ግማሽ ነገር የሚነግረኝን ሰው አላምንም። አንቺም ብትሆኚ።

አስቤ አስቤ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ገንዘቡን መመለስ። ኮሌጁ የበላውን አይተፋም፣ ስለዚህ ያንኑ ያህል ከሌላ ቦታ ማምጣት ነበረብኝ። ዓርብ ፍቅረማርያም ጋ ሄጄ ፈረምኩ። የቤቱን ካርታ ተቀብሎኝ በሁለት እጁ አገላበጠና ካዝናው ውስጥ ከተተው። ወለዱን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይቆጥራል።

እሁድ ሁሪያ ግቢ ገባሁ። የሰፈሩ ሴቶች በየወሩ ዕቁባቸውን የሚጥሉበት ቀን ነበር፤ ሁሉም የባቡር ሠራተኛ ሚስቶችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ናቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ሰው በተሰበሰበበት ይሁን ብዬ ነው የመረጥኩት፤ በኋላ አልተባለም እንዳይሉ። ገንዘቡን የሁሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ “ልጄ የምትገዛ ዕቃ አይደለችም። ልጅሽ ከፍሎ ሊወስዳት ከሆነ ያወጣው ይኸውና። ከዛሬ ጀምሮ በአጥራችን በኩል እንዳትጠሪኝ” አልኳት።

ሴቶቹ ሁሉ ባንዴ ተነሱ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚሉት ግን አልተሰማኝም፤ ሁሉም ባንዴ ሲናገር ለኔ እንደ ዝምታ ነው። ኸሊዳ የምትባለው፣ የጣቢያው ዘበኛ ሚስት የነበረችው፣ እጄን ይዛ ስትጮህብኝ እጄን ነጠቅኳት። ሁሪያ ቀኝ እጇን ብድግ አድርጋ ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው። ለኔ ግን ወንበር ብቻ ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም። ስወጣ ከሴቶቹ መካከል የሚያለቅሱ አየሁ። ጥፋታቸው ስለታወቀ ነው ያለቀሱት።

አሁን የማላውቀው ዕዳ የለብኝም። የፍቅረማርያም ዕዳ ቢሆንም የማውቀው ዕዳ ነው። ሌባ ቢሆንም ሌብነቱን አውቀዋለሁ። እንዴት እንደምከፍለው ከጠየቅሽኝ አላውቅም። ቤቱ ይሄድ ይሆናል። ልጄ ግን አትሄድም።

በዚህ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ከእሁድ ጀምሮ ግቢው ፀጥ ብሏል፣ ሰላም የሚለኝም የለም። ረዲም ሻይ ስጠራው አልጠማኝም ብሎኝ ሄደ።

ምን አጥፍቻለሁ? ካጠፋሁ ንገሪኝ።

አስፋው


ሰመራ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም። ይህን ደብዳቤ ረዲ በእጅዎ እስኪቀበሉት ድረስ እንዳይነዳ አስምዬዋለሁ። ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ቃል ያስገባችኝ ሁሪያ ናት። ትናንት በስልክ ለምኜ ለምኜ ንገሪው አለችኝ። እሷ እዚያ ሆና ለምን እንዳልነገረችዎ ስጠይቃት “አማና ነው፣ አደራ፤ ለሟች የማልኩትን በገዛ አፌ እንዴት ላፍርሰው?” አለችኝ። ስለዚህ በኔ አፍ ይስሙት።

ያ ገንዘብ የእምነት ነው።

እምነት እዚያ የሴቶች ዕቁብ ውስጥ እንደነበረች ያውቃሉ። ካረፈች በኋላ ሁሪያ ቤት ሄደው “ስሟን አውጡት፣ የሙት ዕቁብ አልጥልም” ብለዋት ነበር፤ እሷም እሺ ብላ ሸኘችዎ። አላወጡትም። የእምነትን ወርኃዊ ድርሻ ሴቶቹ ተካፍለው ሲጥሉላት ኖሩ። ከራሳቸው ላይ እየቀነሱ፣ ጡረታ ካላቸውም ከሌላቸውም። የዕቁቡ ዙር ከገና በፊት አለቀ፤ የመጨረሻው ዕጣ የእሷ ነበር። አብዱልአዚዝ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ አደረሰልኝ። ሌላ ምንም የለበትም። እርስዎ ጠረጴዛ ላይ የወረወሩት፣ የሷን ዕቁብ እየጣሉ ባቆዩላት ሴቶች ፊት ነው። የጮኹብዎ ይህንኑ ሊነግሩዎ ነበር። ያለቀሱትም ለዚህ ነው።

ለምን መጨረሻ ሆነች ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፣ ምንም የሚያልፍዎት ነገር የለም። ስለዚህ የቀረውንም ልናገር። ዕጣው መጀመሪያ የወጣላት ታማ የተኛች ጊዜ ነበር። እርስዎ ቤቱን ሸጬ አዲስ አበባ አሳክማታለሁ ብለው ደላላ ያመጡበት ሰሞን። ሁሪያ የምሥራች ልትነግራት ስትመጣ እምነት እጇን ይዛ “አስፋው እንዳይሰማ። ከሰማ ይዞኝ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እኔም ገንዘቡም እዚያ እንቀራለን። ዕጣዬን ለቸገራት ስጡልኝ፣ የኔን መጨረሻ አድርጉት፣ ኤፍራታ ኮሌጅ ስትጨርስ ይደርስላታል” አለቻት። “ከሞትኩም በኋላ አትንገሪው፣ ለተዝካሬ ድንኳን ይጥልበታል” ብላም አስማለቻት። በዚያ መካከል እንኳ ስቃ ነበር አለችኝ ሁሪያ።

ጋሼ፣ ደብቄዎታለሁ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ገና በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ብነግርዎ ኖሮ ፍቅረማርያም ጋ አይደርሱም ነበር። ቃሌን ስጠብቅ ቤትዎን አስበላሁት። አሁን እንደፈለጉ ይፍረዱብኝ፣ ሁሪያ ጋ ግን ይሂዱ።

አትክልት


አዋሽ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ አትክልት፣

እንዴት ናችሁ? ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ እኛም እነሱም ባንድ ላይ እየጾምን ሰፈሩ ቀን ቀን የሚበላበት ቤት የለውም።

አንቺን የምቆጣበት አፍ የለኝም። ስለ ዕዳው ተጨንቀሻል፣ እሱን አስቀድሜ ልጨርሰው። ሁሪያ ገንዘቡን ካስቀመጥኩበት አልነካችውም፤ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አልብሳው ነው ያገኘሁት። “ወስደህ መልስለት” አለችኝ። ፍቅረማርያም ተቀበለኝ፤ የወሩን ወለድ ግን ሳይቀንስ ወሰደ። የቀሩትን ፍየሎች ሸጬ ከፈልኩት። ካርታዬ እጄ ገብቷል። ግድግዳውን በጭቃ ደፍኜዋለሁ።

ሁሪያ ቤት ስሄድ ተምር ይዤ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ በሩ ላይ ቆምኩ። እሷ እንደ ድሮው “ግባ፣ ምን ትጠብቃለህ” አለችኝ። ይቅርታ ስላት እጇን አወናጨፈች፣ በቃ ማለቷ ነው። ኸሊዳ ግን ገና አልማረችኝም፤ በመንገድ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ይገባኛል።

ከዚያ የሚያስጨንቀኝን ጠየቅኳት። አንድ ነገር አልገጥምልኝ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ሐኪሙ ጋ የገባነው እኔና እምነት ነን። ሐኪሙ ሲናገር አጠገቡ ነበርኩ፣ አልሰማሁትም። እምነት ናት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ “ቤት ሆነሽ መድኃኒቱን ውሰጂ፣ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም ነው የሚለኝ” ያለችኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ነው ደላላውን የመለስኩት። አዲስ አበባ ካላስፈለጋት ዕጣውን ለምን ደበቀችኝ? ስለዚህ ሁሪያን፣ ሐኪሙ በእውነት ያለው ምን ነበር አልኳት።

ሁሪያ መልሱን ግቢ ውስጥ ልትነግረኝ አልፈለገችም። ለኔ ለመንገር መጮህ አለባት፣ ስትጮህ ደግሞ ሰፈሩ ይሰማል። ነጠላዋን ደርባ ወደ አሮጌው ጣቢያ ወሰደችኝ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሎበታል፣ ሰው የለም። እዚያ ቆመን በጆሮዬ ጮኸች። እምነት ለሷ እንደነገረቻት፣ ሐኪሙ አዲስ አበባ ብትታከም ተስፋ አላት ነበር ያለው። ምን ያህል ብላ እምነት ስትጠይቀው፣ ማረጋገጥ አልችልም፣ ብዙ ገንዘብ ግን ይፈጃል አላት። እምነት ይህን ሰምታ፣ ዞር ብላ፣ ለኔ ሌላ ነገረችኝ።

አትክልት፣ በጣም ነው የተናደድኩባት። ሞታም ተናደድኩባት። ሐዲዱ ላይ ቆሜ ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ፤ ምን ያህል እንደጮህኩ ለራሴ አልተሰማኝም፣ ሁሪያ ናት አፌን በእጇ የያዘችው። ኮሌጁን ጠረጠርኩ፣ አንቺን ጠረጠርኩ፣ ያን የጨዋ ልጅ ጠረጠርኩ። በዕድሜዬ ሳልመረምር ያመንኩት አንድ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ደግሞ ናፈቀችኝ። አሁንም ሁለቱ ይፈራረቁብኛል።

አብዱልአዚዝ ትናንት መጣ። ጉልበቱን ልስም ስል ከለከለኝ፣ ይልቅ እሱ የኔን ሳመ። ጾሙ ሲፈታ በሰመራ ሲያልፍ ምሳ አብዪው፣ ቆሞ ውሃ ጠጥቶ እንዳይሄድ።

አሁን አንድ ነገር አስምልሻለሁ። ለኤፍራታ ገንዘቡ የእናቷ መሆኑን ንገሪያት፣ ስለ ሴቶቹም ንገሪያት፣ ስትመረቅ አንድ በአንድ ሄዳ እጃቸውን ትስማለች። ሐኪሙ ያለውን ግን አትንገሪያት። ዕጣውን ማን እንደለወጠው፣ መቼ እንደወጣም አትንገሪያት። ልጅቷ ነርስ ልትሆን ነው፤ ያን ካወቀች በያንዳንዱ በሽተኛ አልጋ አጠገብ እናቴ ትድን ነበር ወይ እያለች ልታሰላ ነው። እኔ ቤቴን አስይዤ ልከፍለው የማልችለው ዕዳ እሱ ነው። ያለ ዕዳ ትማርልኝ ብዬ የለ? ይህን እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ ታግዢኛለሽ፣ ሁሪያም ታውቃለች። ከሦስታችን እንዳይወጣ።

ትጠረጥራለች። የኔ ልጅ ናት፣ ትመረምርሻለች፣ ፊትሽን እያየች ደጋግማ ትጠይቅሻለች። አትፍሪ፣ ዓይንሽንም አትስበሪ። እናትሽ ዕቁብ ነበራት፣ ደረሳት በያት፣ በቃ።

ወንድምሽ አስፋው